ሁለተኛ ማሳሰቢያ ለጠፉ ምእመናን

እሑድ፣ 2

«ይህ ሰው በር ላይ ከቆመ ወዲህ እኮ መቀመጫ እንደ ልብ ሆኗል።»

ይህን ያለው ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ከመዘምራኑ አንዱ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ እጁን እየታጠበ። አጠገቡ የነበረው ሳቀ። የደስታ ሳቅ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የተረሱ ጃንጥላዎችን በቁመታቸው እየደረደርኩ ነበር። መኖሬን አላወቁም፤ ስለዚህ ለይሉኝታ የተነገረ አይደለም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ስኖር ከጀርባዬ የተነገረ ምስጋና ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከእህቴ ጋር የምንነጋገር ቢሆን ኖሮ ለእሷ እነግራት ነበር። ስለማንነጋገር ይህን ደብተር ገዛሁ።

ሰውየው ያለው እውነት ነው። በሩን ከመረከቤ በፊት ሕዝቡ ተደራርቦ ነበር የሚቀመጠው። አሁን እግር መዘርጋት ይቻላል። ሕጌ አንድ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ለአምስቱ ሰነፎች ሙሽራው ራሱ አልከፈተም፤ እኔ ከሙሽራው አልበልጥም።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ «እስቲ ቁልፉን አምጣው» አለኝ። ሌላ ሊያስቀርጽ መስሎኝ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው።

«ለጊዜው ዕረፍ» አለኝ።

«አልደከመኝም።»

«እኛ ደክሞናል» አለ።

ሰኞ፣ 3

በሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት።

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ክፍል ከተቀመጥኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መጽሐፍ የሚወስድ ሰው በእኔ እጅ ያልፋል፤ የማይመልስ ሰውም በእኔ እጅ ይወድቃል። መጀመሪያ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል፤ ሁለተኛ ይደርሰዋል፤ ሦስተኛውን እኔ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ንብ አረባብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አሥራ አንድ ዓመት ተከታትያለሁ። ሰውየው አራት ቤት ቀየረ። መጨረሻ ላይ የሚወዛወዝ አልጋ እግር ሥር አገኘሁት። አልጋው አሁን ይወዛወዛል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ነው። ማንም አንብቦት አያውቅም።

ከጎኔ የምትሠራው ጠራዥዋ ናት፤ የተቀዳደደ መጽሐፍ ትሰፋለች፣ ትለጥፋለች። እጇ ሙጫ ላይ ስለሚውል ጆሮዋ ሥራ ፈት ነው። ቁልፉ እንደተወሰደብኝ ነገርኳት።

«እንኳን» አለች።

«እንኳን ምን?»

«እንኳን ደህና ዋልክ።»

ረቡዕ፣ 5

መጋቢያችን ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። መጽሐፍ ሊወስድ መስሎኝ ካርድ አወጣሁ። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ነገር ሲከብደው መነጽሩን ይጠርጋል። ስብከቱ መሃል ሦስት ጊዜ የጠረገበት እሑድ አለ።

«ቁልፉ አንገበገበህ?»

«ያንገበገበኝ ሥርዓቱ ነው።»

«እግዚአብሔር ሲሠራህ ቅንዓትን በእፍኝ አልሰፈረልህም» አለ። አመሰገንኩት። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አሥራ ሰባት ስም ተጽፎበታል።

«ከጉባኤው የጠፉ ናቸው። አንተ የጠፋ ነገር ፈልገህ ሳታገኝ አትመለስም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ ተሰጥቶኛል?»

«ዝናቡ እስኪያባራ።» ሊሄድ ተነሥቶ እንደገና ዞረ። «ሳውልም እኮ ደብዳቤ ይዞ ነበር ቤት ለቤት የሚዞረው። ጌታ እግሩን አልቀየረበትም፤ ደብዳቤውን እንጂ።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መነጻጸር ያሳፍራል። ከመንገዱ በፊት ካለው ሳውል ይሁን ከመንገዱ በኋላ ካለው አልጠየቅሁም። ግልጽ ነው።

ዓርብ፣ 7

ዝርዝሩ በፊደል ተራ አልተቀመጠም። በካርድ ገለበጥኩት፤ ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። ስም፣ አድራሻ፣ የጠፋበት ጊዜ፣ ምክንያት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስደርስ የምሞላቸው ናቸው።

ቁጥር 9 እህቴ ናት።

ነገሩ አጭር ስለሆነ በአጭሩ እጽፈዋለሁ። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከመዘምራን ጋር ሃያ ዓመት ዘምራለች። ባሏ ሲሞት ዝም አለች፤ አምስት ወር ሙሉ። ቀጥሎ አንድ እሑድ ብቻዋን እንደምትዘምር ተነገረን። ሰው ሁሉ ያንን ቀን ይጠብቅ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሞላ በሩን ዘጋሁ። ከአራት ደቂቃ በኋላ በበሩ መስታወት አየኋት፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሰዓቴን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። አየችው። ወርዳ ሄደች። ውስጥ ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ የመዝሙሩን መግቢያ ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ለእህቱ የሚከፍት ሰው ለማን ሊዘጋ ነው? ያን ቀን የጉባኤው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ስምንት ወር ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። አሁን ቅዳሜ አነባለሁ። ብዙ አንብቤያለሁ።

ከቁጥር 1 እጀምራለሁ። ተራው ነው።

እሑድ፣ 9

ማሳሰቢያውን አረቀቅሁ። ለምን አዲስ ነገር ልፍጠር፤ የመሥሪያ ቤታችን ቅጽ ሠላሳ ዓመት የተፈተነ ነው። «መጽሐፉ» የሚለውን እያወጣሁ «ራስዎ» የሚለውን አስገባሁ። እነሆ፦

«ከጉባኤያችን እንደጠፉ ከመዝገባችን ተረድተናል። ይህ ማሳሰቢያ በደረሰዎት በሰባት ቀን ውስጥ ራስዎን እንዲመልሱ በአክብሮት እናሳስባለን። ገጽዎ የተገነጠለ ወይም ሽፋንዎ የተጎዳ ቢሆንም ይመለሱ፤ ጠጋኝ አለን።»

አጭርና ግልጽ ነው። አሥራ ስድስት ቅጂ አዘጋጀሁ። ቁጥር 9ን ለጊዜው ተውኩት፤ ወረቀት አነሰኝ።

ማክሰኞ፣ 11

ስምንት አደረስኩ። ዝናብ። አንድ ውሻ። ግራ ጫማዬ ውኃ ያስገባል። በስድስተኛው ቤት የከፈተችልኝ ልጅ አንብባ ሳቀች፤ ጨዋነት ጠፍቷል።

ዓርብ፣ 14

ቁጥር 4፣ ፀጉር አስተካካዩ። ማሳሰቢያዬን መስታወቱ ጥግ ላይ ለጥፎታል። በአንድ እጁ ምላጭ ይዞ ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ እያነበበ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ገጼ ተገንጥሏል» አለና አገጩን አሳየኝ። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነው ደንበኛ በሳቅ ተንፈራፈረ። ምላጭ ባለበት ቤት እንዲህ አይሳቅም፤ ነገርኳቸው።

ለምን እንደጠፋ ጠየቅሁት። «እሑድ ጠዋት ሙሽሮች አሉብኝ። ሙሽራ ደግሞ ታውቃለህ፤ አሥር ጊዜ መስታወት ያያል። ጨርሼ ሮጬ ስደርስ ሦስት ከአምስት።»

«እና?»

«እና ምን አለው ጋሼ። በሩ።»

ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ምክንያት፦ የሙሽሮች ብዛት።

እሑድ፣ 16

በሩን አሁን የያዘችው አንዲት ተማሪ ናት። አራት ሰዓት ድረስ ክፍት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከስብከቱ ያስታወስኩት ጥቂት ነው፤ ሰባት ጊዜ ወደ በሩ ዞሬያለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ሦስት ከሃያ ላይ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ሽቶ ሸተተኝ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ «ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩበት። አንገቱን አስግጎ አነበበው። «ሁኔታውስ?» አለኝ። «ጥሩ» ብዬ ጨመርኩ። አመሰገነኝ።

ሰኞ፣ 17

ሰብሳቢው ደወለ። ድምፁ የታመቀ ነው፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

«ለሰባ ዓመት ሴት ሽፋንሽ ተጎድቷል ብለህ ጽፈሃል?»

ቅጂውን አወጣሁ። አየሁት። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ማውጣት ረስቻለሁ። የመጽሐፉን ነገር፤ ሽፋኑን፣ ገጹን፣ ጠጋኙን።

በሠላሳ አንድ ዓመት የተሳሳተ ቅጽ ልኬ አላውቅም። አሁን አሥራ ስድስት ላክሁ፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ስም። ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰው ነኝ። ማረሚያ ደብዳቤ ልልክ አርቅቄ ለመጋቢው አነበብኩለት፦ «ስለ ሽፋንዎ የተባለው በስሕተት ነው፤ ጠጋኝም የለንም።»

መነጽሩን ለረጅም ጊዜ ጠረገ። «እባክህ አትንካው» አለኝ።

ረቡዕ፣ 19

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቁጥር 6፣ ሰብሳቢው ያነሣት አሮጊት። አዋላጅ ናት፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ አልተዋትም።

«ና ግባ ልጄ» አለችኝ። «ሽፋኔን ልታይ ነው?»

የምቀመጥበት ጠፋኝ። ወንበር ገፋችልኝ። ለምን እንደጠፋች ጠየቅኳት።

«ሕፃን ሦስት ሰዓት የሚባል አያውቅማ። አንድ ቀን አንዱ ተጣሞ መጣና እስኪነጋ ታገልኩት። ወጣ፣ አለቀሰ፤ እጄን ታጥቤ በዚያው እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ያን ቀን ምስጋናዬ ሆዴን ሞልቶት ነበር። አንተ በመስታወቱ ሰዓትህን አሳየኸኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከደጅ አመስግኜ ሄድኩ። እሱ እንደሆነ የትም ይሰማል። እኔ ነኝ የከፋኝ።» ቀጠለች። «አሁን ያን ደብዳቤ ሳነብ ግን ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። ጠጋኝ አለን ያልከው ማንን ነው?»

«በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ሴት አለች» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ጌታን መስሎኝ» አለች።

ምክንያት፦ የሕፃናት ሰዓት አለማክበር።

ቅዳሜ፣ 22

በእህቴ ሰፈር አለፍኩ። መንገዴ ስለሆነ ነው። (ከቤቴ ወደ ዳቦ ቤት በዚያ በኩል ሃያ ደቂቃ ይረዝማል።) የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ቀጥ ያለ ስፌት ነበር፤ ምናልባት መጋረጃ። ካርዷን አልያዝኩም ነበር። ያለ ካርድ መግባት ተገቢ አይደለም።

እሑድ፣ 23

ስድስት ተመለሱ! አዋላጇ ሦስት ከሩብ። አንድ ባልና ሚስት ሦስት ተኩል፤ እየተጨቃጨቁ ገቡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። የምጽፍበት ጊዜ የለኝም፤ ካርዶቹን ማስተካከል አለብኝ።

ማክሰኞ፣ 25

ቁጥር 15፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ። መነሻ ጣቢያ ላይ፣ መሪውን እንደያዘ አነጋገረኝ።

«እሑድ የጠዋቱን ፈረቃ የምጨርሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጨርሼ እመጣለሁ፤ አንተ ትዘጋለህ። አልፈርድብህም ወንድሜ፤ በር መዝጋት የእኔም ሥራ ነው። በቀን መቶ ጊዜ እዘጋለሁ።»

በመጨረሻ ነገር የሚገባው ሰው አገኘሁ አልኩ በልቤ።

«እኔ ግን ከመዝጋቴ በፊት በጎን መስታወት አያለሁ» አለ። «የሚሮጥ ሰው ካለ ትንሽ እታገሣለሁ።»

ሦስት ፌርማታ አብሬው ሄድኩ። በሁለተኛው ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ ሴት ጠበቀ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንድም ሰው ግን አልሞተም።

ምክንያት፦ የመስመሩ ርዝመት።

ሐሙስ፣ 27

ዛሬ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። ካርዶቹን በምክንያት ልለያቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የሙሽሮች ብዛት። የሕፃናት ሰዓት። የመስመሩ ርዝመት። የአማት ሕመም። የጫማ መሰወር። አሥራ ስድስት ክምር ይሆናል ብዬ ቦታ አዘጋጀሁ።

አንድ ክምር ሆነ።

ከዚያ የጠፉበትን ጊዜ አየሁ። እኔ ቁልፉን ከመያዜ በፊት የጠፋ አንድም ሰው የለም።

ጠራዥዋ ሙጫውን አስቀምጣ መጣች። ካርዶቹን አየች፤ እኔን አየች። «በአንድ ልጠርዛቸው?» አለች። ቀጥላ ለስለስ ብላ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል እኮ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መጽሐፍን የምትወደው ሲጠፋ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ገልጠህ አይተህ አታውቅም። ሰው ሲጠፋብህ ታየዋለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ አሁን ደግሜ አነበብኩ። ሰውየው የሳቀው ከደስታ አይደለም።

ዓርብ፣ 28

መጋቢው ቤት። ካርዶቹን ፊቱ ከመርኩ።

«አውቀህ ነው የሰጠኸኝ?»

«አዎ።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ስለ ሰዓት አከባበር ሁለት ሰዓት ትከራከረኝ ነበር። ሳልነግርህ ብልክህ አሥራ ስድስት ቤት ገባህ።» መነጽሩን አልጠረገም። «ያባረረ ሰው ከሁሉም ይልቅ መንገዱን ያውቀዋል። ያ እልህህ እኮ መጥፎ አይደለም። ፊቱን ነው ያላዞርከው። በሩ ላይ ቆመህ ሰዓት ትጠብቅ ነበር፤ አሁን ሰው ጠብቅበት።»

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተከራከርኩት። ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ስወጣ ከበሩ ጠራኝ። «ካርዶቹ አሥራ ስድስት ናቸው» አለ።

እሑድ፣ 30

አልሄድኩም። ጉንፋን። (የለብኝም።) ስምንት ወር ሙሉ እህቴ ተቆጥታለች ብዬ ስቆጣባት ነበር። እሷ ባሏን ቀብራ፣ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ፣ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ፣ ደረጃው ድረስ መጥታለች። አራት ደቂቃ። ምናልባት ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ አልሆንልሽ ብሏት ይሆናል። ምናልባት እየተመለሰች እየመጣች። እኔ ሰዓት አሳየኋት። ሰዓቱን ለልደቴ የገዛችልኝ እሷ ናት።

ማክሰኞ፣ የአዲሱ ወር 2

ሁለተኛ ማሳሰቢያ ጻፍኩ። ያለ ቅጽ፣ በእጄ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። አሁን ክፍት ነው፤ ሲመቻችሁ ኑ።» ሦስት መስመር። አራት ሰዓት ፈጀብኝ።

ሐሙስ፣ 4

ቁጥር 11 ጋ ሄድኩ። በመስኮት አየኝ። መስኮቱን ከፈተ፣ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፣ ዘጋው። ተገቢ ነው። ሰዓቱም ሁለት ደቂቃ ይቀድማል፤ አልነገርኩትም። ይህ ለእኔ ትልቅ ለውጥ ነው። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾለክሁት።

ቅዳሜ፣ 6

ቁጥር 9።

አንኳኳሁ። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ወንድምሽ።»

«የትኛው ወንድሜ?»

ያላት አንድ ወንድም ነው። ከፈተች። አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፎች ነክሳለች፤ ልትናገር አትችልም። ዕድሉን ተጠቅሜ ሁለተኛውን ማሳሰቢያ እዚያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩላት። መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። አሥራ አንድ ነበሩ።

«ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

«አልበላሁም» አልኩ። በልቼ ነበር።

ደግሜ በላሁ። የኮቴ ቁልፍ መላላቱን አይታ ሳላወልቀው ሰፋችው። «አትንቀሳቀስ፣ ትወጋለህ» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገረችም። አንድም ጊዜ ዐይኔን አላየችም። ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ እውነት አላት።

ስወጣ «እሑድ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እስቲ እንግዲህ» አለች።

እሑድ፣ 7

አልመጣችም። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቼ መንገዱ ጥግ ላይ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። የሚሮጥ ካለ ለማየት። ዘግይተው የመጡ፦ አሥራ ዘጠኝ፤ ሁሉንም አደረስኩ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሲቻኮሉ ሳያቸው የእኛ መስለውኝ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። አንደኛው እስከ መጨረሻው ቆየ።

ሰብሳቢው «ሰው እየጠለፍክ ነው ይሉኛል» አለኝ። አላስተባበልኩም።

ረቡዕ፣ 10

ቁጥር 11 ቤተ መጻሕፍቱ መጣ። ስለ ንብ አረባብ የሚያወራ መጽሐፍ አለ ወይ አለ። አለ አልኩት። መመለሻው ቀን ስንት ነው አለኝ። «ሲመቻችሁ» አልኩ። ጠራዥዋ ክር አመለጣት።

እሑድ፣ 14

ሦስት ከአሥር። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እኔ ግን ጃንጥላውን አልዘጋሁም። ከሩቅ በአረማመዷ አወቅኋት። ያንን ቀሚስ ለብሳለች።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሰው እጠብቃለሁ።»

«ማንን?»

«ቁጥር 9ን።»

በክርኗ ጎሸመችኝ። ከወንበሮቹ የመጨረሻው ላይ አብረን ተቀመጥን። ከመዘምራን ጋር አልወጣችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ግን ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ፤ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ እየተሰነጠቀ። አዋላጇ ከፊት ዞራ አየች። ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ አየ። እኔ አልዞርኩም። ከዞርኩ ያቆማል ብዬ ፈራሁ። በሩን ከተረከብኩ ወዲህ ባለው አንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያላወቅሁበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው በኋላ ቁልፉን መለሰልኝ። አልቀበልም አልኩት፤ የውጭው ሥራ በዝቶብኛል። እንግዲያው በሚቀጥለው እሑድ እግዚአብሔር ቅንዓቴን እንዴት እንዳዞረው ምስክርነት ስጥ አለኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ማታ ልጀምረው ነው።

ቅዳሜ፣ 20

ምስክርነቱ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ስለ እሷም ስላለበት አስቀድሜ ላስነብባት ከምሳ በኋላ ይዤላት ሄድኩ። መጋረጃ እየሰፋች አዳመጠች። የበሩን ታሪክ አልሸሸግሁም፤ ዋናው እሱ ነው። እህቴ አራት ደቂቃ ዘግይታ እንደመጣች፣ እኔ እንዴት ልቤን እንዳደነደንኩ፣ ስምንት ወር እንዴት በእኔ ምክንያት ከእግዚአብሔር ቤት እንደቀረች፣ በዚያች አራት ደቂቃ እግዚአብሔር እንዴት እንደሰበረኝ። እዚያ ላይ ራሴም አለቀስኩ።

መኪናውን አቆመች።

«ሌላው ጥሩ ነው ወንድምዓለም» አለች። «አንዱን ብቻ አስተካክለው። አልዘገየሁም።»

«አራት ደቂቃ» አልኩ። «መዝግቤዋለሁ።»

ዐይኔን አየችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «መዘመር አልቻልኩም ነበር። አልዘምርም ማለትም አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ ጓጉቷል። ያንተን በር ግን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰዉ አንተን ሲያማ እውነቱን አልተናገርኩም፤ በምን ፊቴ ልይህ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷ መጋረጃውን ጨረሰች።

ያን እሑድ የደረሰችው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስክዘጋው ድረስ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር።